መኪናዋን ስትገፋ መሪውን ማን ያዘ?

ሐምሌ 3

ውድ አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ያልሆነችው አሮጊቷ መኪናዬ ናት። «ምን ነካት?» ብለህ ለጠየቅከኝ፣ ባለፈው ሳምንት ዳገት ላይ ፍሪሲዮኗ ተቃጥሎ ሽታው ሁለት ቀን ሙሉ ከፀጉሬ አልወጣም። መካኒኩ ከሥሯ ገብቶ ብዙ ቆየና፣ ሲወጣ እጁን እየጠረገ «እግዜር ያጽናሽ» አለኝ። በስልክ ብነግርህ ኖሮ ተጣልተን ነበር። አውቶቡስ ሙሉ ሰው ከኋላህ ያለ ይመስል እየጮህክ «ዘይት መቼ ቀየርሽላት?» ትለኝ ነበር። ለእኔና ለአንተ ወረቀት ይሻለናል።

አዎ፣ ሃይብሪድ ልገዛ ቆርጫለሁ። «ሁለት ልብ ያላት ማለት ነው?» ላልከው፣ እንዲያ በለው። የቤንዚን ሞተርም የባትሪ ሞተርም አላት። ቁልቁለት ስትወርድና ፍሬን ስትይዝ ባትሪዋን ራሷ ትሞላለች፤ እንደ አንዳንድ ሰው ሁለት ልብ ኖሯት ሥራ አትፈታም።

እኔ ባለሁበት ከተማ መኪና መሸጫ የለም፣ አንተ ጋ መንገዱ ሁሉ መሸጫ ነው። እባክህ ምረጥልኝ። ሥራዬን ታውቀዋለህ። አሥራ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት እየዞርኩ የልጆችን ዓይን ለክቼ መነጽር አዘጋጃለሁ። ሦስተኛው ትምህርት ቤት ዳገት ላይ ነው፤ አነሳሷ ደካማ የሆነች መኪና እዚያ ወገቡ ላይ ትቀራለች። ነዳጅ ማደያው ሰማንያ ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ስለዚህ የምታንቆረቁር አልፈልግም። ውስጧ ደግሞ የሁለት መቶ አርባ ሌንሶቼን ሳጥን ሳታንገጫግጭ የምትይዝ ትሁን፤ ወንበሯም ጠዋት ገብቼ ማታ ስወርድ ወገቤን የማያስመርር። ትምህርት ቤቶቹ መስከረም ላይ ሲከፈቱ መኪና ከሌለኝ ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ሌላው ሁሉ ቢቀር አንዱ ቃልህ እንዳይቀር። ራሴ ነድቼ አመጣልሻለሁ ብለሃል። እዚህ ለሁሉም «ሹፌሩ አባቴ ሊመጣ ነው» ብዬ አውርቻለሁና እንዳታሳፍረኝ። ዓይንህ ውስጥ የገባው አቧራስ ወጣልህ?

ልጅህ

ሐምሌ 13

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ጤና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮኑ ቀድሞ ይነግረኛል። ስለ አሮጊቷ መኪና አዝኛለሁ። ዘይት መቼ ነበር የቀየርሽላት? ይቅርታ፣ ትቼዋለሁ።

«ብቻህን እንዳትሄድ፣ ሻጮች ያታልሉሃል» ስላልሽኝ ወራጅ አለን ይዣት ሄድኩ። ታስታውሻታለሽ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የአውቶቡሴ ትኬት ቆራጭ የነበረችው ናት። «ወራጅ አለ!» ስትል መንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ የሚቆምላት። አሁን መንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛ ታስተምራለች። ተማሪዎቿ ከፈተናው ይልቅ እሷን ይፈራሉ።

መጀመሪያ ያየነው ነጯን ነው። ከሩቅ ስትታይ ሙሽራ ናት። አነሳሷን ምን ብዬ ልንገርሽ! ከዜሮ ተነስታ መቶ ለመግባት ስምንት ሰከንድ አይፈጅባትም። ስትፈተለክ ጀርባዬ ከወንበሩ ተለጠፈ፣ ባርኔጣዬ ኋላ ወንበር ላይ ሻጩ ጭን ላይ ተገኘ። እኔ ግን እንዲህ ዓይነቱ አይማርከኝም፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ነዳጅም በሊትር ከአሥራ ሰባት ኪሎ ሜትር በላይ አትሄድም።

ውስጧን በደንብ አይቻለሁ። ከፊት ያለው ሳጥን ክዳኑ ሲከፈት ጭን ላይ ዱብ ይላል። ከበሩ ሥር የውሃ ጠርሙስ ማስቀመጫ አለ፤ ጠባብ ነው። ከላይ ያለው የፀሐይ መከላከያ መብራት ያለው መስታወት አለው፤ አገጬን በደንብ እንዳልተላጨሁ ያወቅኩት በሱ ነው። ወንበሩ ቆዳ ነው፤ መታጠፊያ ላይ ያንሸራትታል፣ ሁለት ጊዜ በሩ ላይ ተለጥፌያለሁ። ሳጥንሽማ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቢው።

ስለ ዓይኔ ለጠየቅሽኝ፣ ዓይኔ አንቺን ናፍቋል እንጂ ምንም አልሆነም። እንደ ቃሌ ነድቼ እመጣለሁ።

አባትሽ

ሐምሌ 21

አባዬ፣

ደብዳቤህን ሳነብ በክረምት የምሠራበት የመነጽር ቤት ደንበኞች «ምን አግኝታ ነው?» እስኪሉ ሳቅኩ። ሰው ስለ አንዲት ሳጥን ክዳን ይህን ያህል ይጽፋል? ነጯን ተዋት፤ ሙሽራ ለሠርግ ነው እንጂ ለገጠር መንገድ አትሆንም።

በደብዳቤ አምስት ገጽ የላክህልኝ ግን አዲስ ነገር ነው። ወረቀት ረከሰ እንዴ? ፊደልህም እያደገ መጣ፤ የአንዱ «መ» ወገብ ሁለት መስመር ይዟል። ጡረታ ሰፊ ያደርጋል መሰለኝ።

ጉልበቴን ያመኛል ማለትህን ከወዲያ ማዶ ሰምቻለሁና መቀመጫው ከፍ ያለ መኪና ፈልግ። «ትልቅ ባትሪ ያላት ትሻላለች?» ላልከው፣ የባትሪው ትልቅነት ሳይሆን ዳገቱ ላይ ሁለቱ ሞተሮች መተጋገዛቸው ነው ዋናው። ለእትዬ ወራጅ አለ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ወላጆች ሲያንገራግሩ እሳቸውን ባመጣቸው እላለሁ፤ አንድ ጊዜ ቢጮኹ የልጆቹ መነጽር ሁሉ ይደረግ ነበር።

ልጅህ

ሐምሌ 30

ልጄ፣

ሰላምታሽን ሰጥቻታለሁ። «ልጅቷ ካንተ ትሻላለች» አለችኝ፤ ይህንን ደግሞ በየቀኑ ነው የምትለኝ።

የትናንቱን ካልነገርኩሽ ሆዴ ይፈነዳል። ሰማያዊዋን ልንሞክር ሄድን። ትንሽ ናት፣ ግን ነዳጅ በማሽተት እንጂ በመጠጣት አትሄድም። በሊትር ሃያ ስድስት ኪሎ ሜትር! የአውቶቡሴን ሞተር ለማሟሟቅ የሚፈጀው እሷን ከቤት ገበያ ያደርሳታል። ከመሸጫው ስንወጣ ሞተሯ አልተነሳም ብለን የማስነሻ ቁልፉን ሦስት ጊዜ ተጫንነው። በባትሪ ስትነሳ ድምፅ የላትም ለካ! አንዴ አስነሳናት፣ አንዴ አጠፋናት፣ እንደገና አስነሳናት፤ ሻጩ ኋላ ተቀምጦ ያልበዋል።

ከዚያ መስቀለኛ መንገዱ ጋ ስንደርስ መብራት ያዘን። እዚያው ጭጭ አለች። ጸጥ ለጥ! ሠላሳ አንድ ዓመት በሞተር ድምፅ የኖረ ሰው፣ መኪና መንገድ መሃል ዝም ስትል ምን ያደርጋል? ምክር አይጠይቅም። በሩን ከፈትኩና ወርጄ መግፋት ጀመርኩ። ሻጩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «አባቴ፣ ኧረ አልጠፋችም!» ይላል፤ እኔ ደግሞ «ዝም ብለህ ከምትጮህ ወርደህ ግፋ!» እለዋለሁ። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን እንደ ሐር ሸርተት ብላ ሄደች። ልጄ፣ ያን ጊዜ በጉልበቴ የተሰማኝን ኩራት! ትራፊኩ ራሱ ቆሞ እያየኝ ነበር፤ አድናቆት መስሎኝ እጄን አነሳሁለት። ከመብራቱ ማዶ ደረስኩባቸው፤ ወራጅ አለ ሆዷን ይዛ እንባዋ እስኪፈስ ትስቃለች።

ሰማያዊዋ ግን አትሆንሽም። ዳገት ላይ ባትሪዋ ሲደክም ሞተሯ እንደ ታነቀች ድመት ይጮኻል፤ ወንበሯም የልጅ ነው። አንድ የቀረችን ግራጫ አለች።

አዎ፣ ቃሌ ቃል ነው። ምን ደጋግመሽ ትጠይቂኛለሽ?

አባትሽ

ነሐሴ 6

አባዬ፣

አንዲት ጥያቄ ብቻ አለችኝ። መኪናዋን ስትገፋ መሪውን ማን ያዘ?

የመጀመሪያ ቀን ሳነበው ሳቅኩ። በማግስቱ ለጎረቤቴ ማውራት ጀምሬ መሃል ላይ ትቻት ቤቴ ገባሁ። ደብዳቤዎችህን ሁሉ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። ስለ ጋቢናው ወንበር፣ ስለ ጋቢናው በር፣ ስለ ጋቢናው መስታወት ጽፈሃል። ስለ መሪ አንድ ቃል የለም። ስለ ፍሬን አንድ ቃል የለም። ከዚያ ማስመሪያዬን አመጣሁ። አምና በአንድ ገጽ ሃያ ሁለት መስመር ትጽፍ ነበር። በሚያዝያ አሥራ ስድስት። አሁን ዘጠኝ።

በዓመት ዘጠኝ መቶ ልጅ ዓይን እለካለሁ። አንድ ልጅ ደብተሩ ላይ ፊደሉን ሲያተልቅ ካየሁ መምህሩን ጠርቼ «እንዴት ሳታዩት ቀራችሁ?» ብዬ እቆጣለሁ። የገዛ አባቴ ግን በየደብዳቤው ማስረጃውን በፖስታ ሲልክልኝ «ጡረታ ሰፊ ያደርጋል» ብዬ ቀለድኩ። ካንተ ይልቅ በራሴ ተናድጃለሁ። ባንተም ግን ተናድጃለሁ።

እውነቱን ጻፍልኝ። ፊደሉ ቢሰፋም ግድ የለኝም።

ልጅህ

ነሐሴ 14

ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔ ስንቅ መንገድ ላይ ገና ሳልደርስ አለቀ። መሪውን የያዘችው ወራጅ አለ ያን ታሪክ እንዳልጽፈው ለምናኝ ነበር፤ እኔ ግን ጨዋታ ደብቄ አላውቅም።

የሆነው እንዲህ ነው። ባለፈው ኅዳር ከገበያ ስመለስ አንዲት ሴትዮ በእግረኛ መሻገሪያው ላይ ነበረች። አላየኋትም። ያወቅኳት ኮፈኑን በጃንጥላዋ ስትደበድበው ነው። እሷ ምንም አልሆነች፤ ስድቧም ጤነኛ ነበር። እኔ ግን መኪናዬን ዳር አቁሜ በእግሬ ቤቴ ገባሁ። መንጃ ፈቃዴንም መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። ሐኪሙ ሁለቱም ዓይኖቼ ላይ ሞራ እንዳለ፣ በቀዶ ሕክምና እንደሚነሳ ነገረኝ። «ለምን አልሄድክም?» ትይኛለሽ። ፈርቼ ነው። ስለት ወደ ዓይኔ ሲመጣ ማሰብ አልቻልኩም።

«ለእኔ ለምን ደበቅከኝ?» ለምትይው ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ። አንደኛ ክፍል ስትገቢ መምህሯ የአባትሽን ስም ብትጠይቅሽ «ሰባት ቁጥር» አልሻት። አውቶቡሴን። ያን ቀን ስሜን ረስተሽ በአውቶቡሴ ስትጠሪኝ የተደሰትኩትን ያህል ተደስቼ አላውቅም። መሪ ያልያዘ አባትሽ ምን እንደሚመስል አንቺ አታውቂም። እኔም አላውቀውም። አየሽ፣ እሱን ላሳይሽ አፈርኩ።

አሁን ስለ መኪናዋ። ግራጫዋን ግዢ። ይህን የምልሽ ከጋቢና ሆኜ ነው፤ ሆኖም ከጋቢና ያየሁት ሠላሳ አንድ ዓመት ከመሪው ያላየሁትን ነው። አነሳስ ማለት ለእኔ ነጂውን ደስ ማሰኘት ይመስለኝ ነበር፤ ተሳፋሪው አንገቱ ምን እንደሚሆን አስቤ አላውቅም። ስንት ሰው አንገት አንገላትቼ ይሆን! ግራጫዋ መቶ ለመግባት አሥር ሰከንድ ይወስድባታል፤ ግን ስትነሳ አትገፋሽም፣ ይዛሽ ትሄዳለች። ከውሃ ማጠራቀሚያው ጀርባ ያለውን ዳገት አራት ሰው ጭነን ወጣነው። ጭኔ ላይ እስከ አፉ የሞላ የውሃ ብርጭቆ ይዤ ነበር፤ ሱሪዬ ላይ የፈሰሰው ማንኪያ አይሞላም። በሊትር ሃያ ሦስት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ወንበሯ ጨርቅ ስለሆነ አያንሸራትትም፤ የኋላው ሲታጠፍ ሳጥንሽ ገብቶ ትርፍ ቦታ አለው።

ወራጅ አለ ታመጣልሻለች። እኔ አልመጣም። በሹፌርነት ልገባበት ቃል የገባሁበትን በር በዕቃነት አልገባበትም። አትቀየሚኝ።

አባትሽ

ነሐሴ 20

አባዬ፣

እሺ፣ ግራጫዋ ትሁን። ውሳኔህን ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ፤ የመጨረሻው አንቀጽ ሲቀር።

መኪናዋ ያለ አንተ ከመጣች በሩን አልከፍትም። ለእትዬም ይህንኑ በስልክ ነግሬያቸዋለሁ፤ «እኔስ ምን አልኩት!» ብለውኛል። ሥራው ለሌላ ሰው ቢሰጥ ይሰጥ። የምቀልድ መስሎህ እንዳትሞክረኝ፤ ግትርነቴን ከማን እንደወረስኩት ታውቃለህ።

ስለ «ሰባት ቁጥር» የተረዳኸው ተሳስተህ ነው። ያን ጊዜ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ስለ መሪ ምን አውቃለሁ? የሌሎቹ ልጆች አባቶች አንዳንዴ ይመጣሉ፣ አንዳንዴ ይቀራሉ። ሰባት ቁጥር ግን አሥር ከሩብ ሲል ከጥግ ብቅ ይላል። ቀርቶብኝ አያውቅም። እኔ የማውቀው አባት የሚነዳው ሳይሆን የሚመጣው ነው። ስለዚህ ና። ጋቢና ተቀምጠህ ና፤ ከፈለግክ ኋላ ተኝተህ ና።

ሌላ ደግሞ፣ በደብዳቤህ ጥግ ጽፈህ የሰረዝከውን ጥያቄ በአጉሊ መነጽር አንብቤዋለሁ። እናቴ ካረፈች ዘጠኝ ዓመት ሆነ። መልሴ አዎ ነው፣ እትዬን ብታገባ ከልቤ ደስ ይለኛል። አንተ እኮ የምትፈራው ሰው ያስፈልግሃል።

ልጅህ

ነሐሴ 28

ልጄ፣

ጥያቄዬን የሰረዝኩት እንዳታነቢው ነበር። ወራጅ አለ ፊቴ ቀልቶ አይታ «ትኩሳት አለህ?» አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት እንነሳለን። ጋቢና ነኝ።

አባትሽ

መስከረም 24

ውድ አባዬ፣

በሰላም መግባታችሁን ሰምቼ ተመስገን ብያለሁ። ዘበኛችን እስካሁን አልተረጋጋም። «ሹፌሩ አባቴ ይመጣል» ስላልኩት፣ እትዬ ከመሪው በኩል ሲወርዱ ሮጦ ሄዶ «እንኳን ደህና መጡ አባታችን» አላቸው። ያን ጊዜ አንተ በሌላው በር ወርደህ መሬት መሬት ስታይ እንደነበር አልረሳውም። ወዲያው ግን ከዘበኛው ጋር አብረህ ስትስቅ ልቤ ተመለሰ።

ለዓይንህ ቀዶ ሕክምና ጥቅምት 5 ተቀጥሮልሃል፤ እኔም እመጣለሁ። አሁን ማምለጫ የለህም። ሦስተኛው ትምህርት ቤት አብረኸኝ በሄድክ ዕለት የዓይን መለኪያ ሰንጠረዡን ያለ ስህተት እስከ ታች ስትወርድልኝ ለአፍታ ተአምር መስሎኝ ነበር። ልጆቹ ተራ በተራ ሲጠሩ ጥግ ተቀምጠህ መሸምደድህን ያወቅኩት፣ ሌላ ሰንጠረዥ ሰቅዬ ያንኑ ስትደግምልኝ ነው። በዘጠኝ መቶ ልጅ ያላየሁት ዓይን ያወጣ ማጭበርበር!

አሁን ወደ ጥያቄህ። «ነዳጁ አልገጠመልኝም» ብለሃል። ከሦስተኛው ትምህርት ቤት እስከ ቤት ያለውን ኪሎ ሜትር ደምረህ፣ በሃያ ሦስት አካፍለህ፣ ሁለት ሊትር የሚጠጋ ጎድሎ አገኘህ። መኪናዋ እንከን ይኖርባት ይሆን፣ ለሻጩ ልንገረው ወይ ብለህ ተጨነቅክ። አትንገረው። መኪናዋ ምንም የላትም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራ ጨርሰን ስንመለስ እትዬ ከመምህራኑ ጋር ቀሩ፤ እኔና አንተ ብቻ ነበርን። መንዳት ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ ግን መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ እኔ ስነዳ ተቀምጠህ አታውቅም። ዳገቱን ስንወርድ «ማርሽ ቀንሺ» ልትለኝ ጀመርክና ማርሽ እንደሌላት ትዝ ብሎህ ተውከው። መታጠፊያውን ስናልፍ ስለ መቀመጫው ጨርቅ አንድ ነገር አልክ። መለስኩልህ። ዘወር ብዬ ሳይህ እንቅልፍ ወስዶሃል፤ ጭንቅላትህ ወደ መስኮቱ ዘንበል ብሎ፣ እጆችህ ጭንህ ላይ ተፈተው።

መጀመሪያ «ደክሞት ነው» አልኩ። ከዚያ እትዬ በመጣችሁ ዕለት የነገሩኝ ትዝ አለኝ። የዘጠኝ ሰዓት መንገድ ሲነዱ ዓይንህን አንዴ አልከደንክም፤ ቀኝ እግርህ ወለሉን ፍሬን አድርጎ ሲረግጥ ነው የዋለው። «አባትሽ በሰው እጅ ተኝቶ አያውቅም፣ ሹፌር ሁሉ እንደዚያ ነው» ነበር ያሉኝ።

በእኔ እጅ ግን ተኛህ።

ሞተሯ ሲቆም እንዳትነቃ ፈራሁ። ስለዚህ ቤታችን ደጃፍ ስደርስ አልቆምኩም፤ አልፌ ሄድኩ። እስከ ድልድዩ ሄጄ ተመለስኩ። አሁንም ተኝተሃል። እንደገና ዞርኩ። እንደዚያ አርባ ኪሎ ሜትር ነዳሁ፣ ባዶ ሜዳ ላይ፣ ጉድጓዱን ሁሉ እየሸሸሁ፣ ፀሐይዋ ወደ አንተ በኩል እንዳትመጣ መንገድ እየመረጥኩ። አንዳንዴ እያለቀስኩ ነበር፤ ደስ ብሎኝ ነው። ነዳጁን ያባከንኩት እኔ ነኝ፣ አባዬ። ከዓይንህ ሕክምና ስመልስህም አባክነዋለሁ።

ልጅህ